ደብዳቤዎ ደርሶናል

ባይ ጌንቾን ያገኙት ከግድቡ ሦስት ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ የፕሪም ዛፎች መሃል ነው። በሆዱ ተደፍቷል። የግራ እግሩ ቦቲ የለም። አፉ ጭቃ ጎርሷል።

ሊረዳ የወጣው የማዘጋጃ ቤቱ የኮምፒውተር ሠራተኛ ራይቾ ሙታፎቭ ቃሬዛውን ከኋላ ይዞ ቆሟል። ሬሳውን ሲገለብጡት መዳፎቹን አየ። ቆዳቸው ተልጦ ቀይ ሥጋ ወጥቷል።

«ውሃው ነው» አለ አንዱ የእሳት አደጋ ሠራተኛ።

ከክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ የመጣችው ኢንስፔክተር ኔቭያና ዡሮቫ ጭቃው ላይ ቁጢጥ አለች። የሟቹን እጅ አንስታ አገላብጣ አየችው።

«ውሃ መዳፍ መርጦ አይልጥም። ይህ ሰው ለሰዓታት የሆነ ነገር ሲያሽከረክር ነበር።»

ሰዎቹ ሬሳውን ቃሬዛው ላይ ጫኑት።

ግድቡ የፈረሰው ባለፈው ምሽት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ዶልና ክሩሻ ትንሽ ከተማ ናት። ግድቡ ከበላይዋ ነው፤ ታችኛው መንገድ የሚሏት ሰፈር ደግሞ ከወንዙ ጥግ። ውሃው ሰፈሯን ጠርጎ ሲሄድ አራት ሰዎች እራት ላይ እንዳሉ ወሰደ። አምስተኛው የግድቡ ጠባቂ ጌንቾ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በዕድሜ ለሚበልጧቸው በሚሰጡት ማዕረግ «ባይ ጌንቾ» ሲሉት ኖረዋል። ያን ጠዋት ግን ባይ የሚለው ሰው ጠፋ።

«ሰካራሙ ተኝቶ ፈጀን!»

እኩለ ቀን ላይ ከንቲባው በቴሌቪዥን ቀረበ። ፊቱን አጨፍግጎ፣ «ማዘጋጃ ቤታችን አንድም ማስጠንቀቂያ አልደረሰውም» አለ።

የጌንቾ ልጅ ዶብሪና ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው። ሽርጧን እንኳን ሳታወልቅ ኢንስፔክተሯን መንገድ ላይ ያዘቻት።

«ውሸት ነው! ጽፎላቸዋል! ትናንት ሰባት ሰዓት ላይ ደውሎልኝ ነበር። ‹ጻፍኩላቸው፣ መልስም ሰጡኝ፣ የታችኛውን መንገድ ሰው ያስወጣሉ፣ እኔ የውሃ መልቀቂያውን ልክፈት› ነው ያለኝ።»

«ማን ነው መልስ የሰጠው?»

«ማዘጋጃ ቤቱ ነዋ!»

ራይቾ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። ይህን ሲሰማ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ዞረ። ትናንት የበዓል ዋዜማ ነበር፤ በዋዜማ፣ በምሳ ሰዓት፣ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ መልስ የሚሰጥ አንድ ነገር ብቻ እንዳለ ያውቃል።

*

ሰርቨሩ ያለው ከደረጃው ሥር፣ መጥረጊያና ባልዲ ከሚቀመጥበት ጎን፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ነው። የከተማው ምክር ቤት ደብዳቤዎቹ ሌላ ሰው ቤት እንዳያድሩ ብሎ በወሰነ ጊዜ ራይቾ በገዛ እጁ ያቆመው የኢሜይል ሰርቨር ነው። አስራ አንድ ዓመት ብቻውን ጠበቀው። ሲታመም የሚያክመው እሱ፣ ሲዘጋ የሚከፍተው እሱ ነው።

«ከንቲባው ምናልባት ቆሻሻ ሳጥን ገብቶ ይሆናል ይላሉ» አለች ኢንስፔክተሯ።

ራይቾ ከፍቶ አየ። የፍራሽ ማስታወቂያ ሞልቶታል። የጌንቾ ግን የለም።

«ምናልባት ሰርቨሩ ከበር መልሶት ይሆን?»

የተመለሱትን ዝርዝር አየ። እዚያም የለም።

የቀረው ሎጉ ነው። ሰርቨሩ ያደረገውን ሁሉ በሰከንድ በሰከንድ የሚጽፍበት መዝገብ ነው። ራይቾ የጌንቾን አድራሻ ጽፎ ፈለገ። መስመሮቹ ተደርድረው ወጡ። ከላይ እስከ ታች አነበባቸው።

«በሰው ቋንቋ ይንገሩኝ እንጂ» አለች።

«ደብዳቤው የመጣው ስድስት ሰዓት ከአምስት ላይ ነው። ሰርቨሩ ‹ቆይተህ ተመለስ› አለው።»

«ለምን?»

«እኔ ነኝ እንዲያ ያስተካከልኩት። ከማያውቀው ማሽን የመጣን ደብዳቤ መጀመሪያ ይመልሰዋል፤ የጌንቾ ኢሜይል ኩባንያ ደግሞ የሚልክበትን ማሽን ይቀያይራል። አጭበርባሪ ላኪ ሁለተኛ አይሞክርም፤ እውነተኛው ግን ይመለሳል።»

«ተመለሰ?»

«ስድስት ከሃያ ላይ። ያኔ ተቀበለው። ከዚያ መልስ ላከለት።»

«ማን?»

«ሰርቨሩ ራሱ። ‹ደብዳቤዎ ደርሶናል። የሚመለከተው ክፍል አስፈላጊውን ያደርጋል።› ለጻፈ ሰው ሁሉ እንዲህ ይላል። ከንቲባው አዘዙ፣ እኔ ሠራሁት።»

ኢንስፔክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ደብዳቤውስ የት ገባ?»

«በዚያችው ሰከንድ ተሰረዘ።»

«በራሱ?»

«በራሱ ምን በወጣው! አንድ ሰው በመዝገብ ቤቱ የፖስታ ሳጥን ላይ ማጣሪያ አስገብቷል። ከጌንቾ የሚመጣ ሁሉ ሳይታይ ይጥፋ የሚል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከማርች አስራ አንድ ጀምሮ።»

«ስንት ደብዳቤ ጠፋ?»

ራይቾ በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። «ሃያ ዘጠኝ።»

ሰርቨሩ ለሃያ ዘጠኙም «ደርሶናል» ብሏል።

«የዚህ ክፍል ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ ብቻ።»

«የሰርቨሩ ዋና ፓስወርድስ?»

«እኔ ብቻ።»

እጇን ዘረጋች። «ቁልፉን ይስጡኝ። ከከተማው እንዳይወጡ።»

*

ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤት ገባ። ጎረቤቱ አጥር ላይ ሆና አየችውና ፊቷን አዞረች። ሱቅ ሲሄድ ባለሱቁ ሌላውን ሁሉ አስተናግዶ፣ እሱን እንደ ምሰሶ አቁሞት በሩን ዘጋ።

ስልክ የደወለችለት ታላቅ እህቱ ስቶይና ብቻ ናት። ካካ ይላታል፤ ታላቅ እህት የምትጠራው እንዲያ ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ ሰባት ዓመቱ፣ እሷ አስራ ዘጠኝ ነበረች። አላገባችም። እሱን አሳደገች፣ አስተማረች፣ ማዘጋጃ ቤት አስቀጠረች። እሷ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ናት።

«በልተሃል?» አለችው።

«አልበላሁም፣ ካካ።»

«ብላ። ያልፋል።»

በሦስተኛው ቀን የፖሊስ ባለሙያ ሎጉን መርምሮ ነጻ አወጣው። ማጣሪያው የገባው በዋናው ፓስወርድ አይደለም። እንደ ማንኛውም ተጠቃሚ፣ በመዝገብ ቤቱ ሳጥን ፓስወርድ ነው። ያን ፓስወርድ የሚያውቁት ሦስት ናቸው፦ የከንቲባው ጸሐፊ፣ ስቶይና፣ እና ምክትል ከንቲባው ክራሲን ባልቶቭ። ትእዛዙ የተጻፈበት ኮምፒውተር ደግሞ ቢሮ ቁጥር አራት ያለው ነው።

ቢሮ ቁጥር አራት የክራሲን ነው።

ክራሲን ወፍራም፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነው። ኢንስፔክተሯ ሎጉን እንዲያስረዳ ራይቾን አጠገቧ አስቀምጣ ጠየቀችው።

«ግድቡ ተጠግኗል ብሎ ከሁለት ዓመት በፊት የፈረመው ማነው?»

«እኔ። ግን እኮ መሐንዲሱ...»

«መሐንዲሱ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ጌንቾ ደግሞ አልተጠገነም እያለ ይጽፋል። እያንዳንዱ ደብዳቤ እርስዎ ላይ ማስረጃ ነው። ተሳሳትኩ?»

«እኔ ማጣሪያ ምናምን አላውቅም! ስልኬን እንኳን የምትከፍትልኝ ልጄ ናት!»

«ማርች አስራ አንድ ቢሮዎ ማን ነበር?»

«እኔ አልነበርኩም። በሬ አይቆለፍም፤ ማንም ይገባል።»

ኢንስፔክተሯ አንድ ወረቀት ገፋ አደረገችለት። የሥራ ሰዓት መቆጣጠሪያ ነው። ማርች አስራ አንድ፣ ጠዋትም ከሰዓትም፣ የክራሲን ፊርማ አለበት።

ክራሲን ወረቀቱን አየ። እውነቱን ለመናገር አፉን ከፈተና ዘጋው። ያን ሳምንት ባሕር ዳርቻ ላይ ቪላውን ሲያሠራ ነበር፤ ሥራ ገባሁ ብሎ የፈረመው ሲመለስ ነው።

ወረቀቱን ወደ እሷ መልሶ ገፋው።

በካቴና ወጣ። ደረጃው ሥር የተሰበሰበው ሕዝብ አንቋሸሸው፣ ምራቁን ተፋበት። ራይቾም ከጎርፉ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደው።

*

በማግስቱ ጠዋት ኢንስፔክተሯ የቢሮ ቁጥር አራትን ኮምፒውተር እንዲያዘጋጅላት ላከችው። «የውስጡን ዝርዝር ጽፈው፣ ነቅለው ያስረክቡኝ። ከሰዓት ወደ ዋናው ከተማ እልከዋለሁ።»

ቀላል ሥራ ነው። ከፈተው። የተጫኑትን ፕሮግራሞች ጻፈ። የተገናኙትን ፕሪንተሮች ከፈተ።

ሁለት ናቸው። አንዱ የክራሲን ነው። ሁለተኛው ላይ «መዝገብ ቤት» ይላል።

ራይቾ እጁ አየር ላይ ቀረ።

የቀለም ሽታ ትዝ አለው። ሰኞ ነበር። ቀለም ቀቢው መዝገብ ቤቱን ሊቀባ መጣ። ለአንድ ቀን ተኩል ብቻ። ካካ ስቶይና፣ «የክራሲን ቢሮ ባዶ ነው፣ እዚያ ልሥራ፣ ፕሪንተሬን አምጣልኝ» አለችው። በሁለት እጁ ታቅፎ አመጣላት። ኬብሉን ሰካላት። የጫነው ራሱ ነው። ሌላ ሰው አላያቸውም፤ ቢያይም ማን ያስታውሳል?

ቀኑን ከኮምፒውተሩ አየ። ማርች አስራ አንድ።

የፕሪንተሩን ስም ለማጥፋት አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ጣቱን ማውሱ ላይ አደረገ። ኮሪደሩ ጭር ብሏል። ከዚያ ስሙን ሳይነካው ኮምፒውተሩን ዘጋና በሩን ቆልፎ ወጣ።

*

ስቶይና ጓሮዋ ውስጥ የበርበሬ ችግኝ እየተከለች ነበር። ቤቷ ኮረብታው ላይ ስለሆነ ውሃው አልደረሰበትም።

«ባኒትሳ ጋግሬያለሁ» አለች ቀና ሳትል። «ግባና ብላ።»

«ካካ፣ ማርች አስራ አንድ ክራሲን ቢሮ ነበርሽ።»

እጇ አፈሩ ላይ ቆመ። ከዚያ ሥራዋን ቀጠለች።

«ጌንቾን የሰረዝሽው አንቺ ነሽ?»

«ጌንቾን አልሰረዝኩም። ደብዳቤውን ነው።»

ራይቾ የአጥሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ለምን?»

«ለምን!» አለች ችግኙን እያጠበቀች። «አንተ ማሽንህን ይዘህ ደረጃ ሥር ተቀምጠሃል፤ ምን ታውቃለህ? ደብዳቤ ሲመጣ ቁጥር እሰጠዋለሁ። ቁጥር ከተሰጠው በአስራ አራት ቀን መልስ ሊያገኝ ግድ ነው። የግድቡን የሚመልሰው መሐንዲሱ ነው። መሐንዲስ የለም! ሁለት ዓመት ሙሉ ቅጠሩ ብዬ ጮህኩ። ተቆጣጣሪዎች መጡ፣ መልስ ያላገኙትን ቆጠሩ፣ የማንን ስም ጻፉ? የእኔን። አንድ ማስጠንቀቂያ። ሁለት ማስጠንቀቂያ። ሦስተኛው ማባረር ነው። ጡረታዬ ስምንት ወር ሲቀረው!»

«ለከንቲባው አልነገርሽውም?»

«ነገርኩት። ‹አንቺ መላ አታጪም› አለኝ። እየሳቀ። እኔም መላ ፈለግኩ። ጌንቾ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይጽፋል። እንቁራሪት በዛ፣ አምፖል ተቃጠለ፣ ዓሣ አጥማጆች ሰረቁኝ፣ ግድቡ አለቀሰ። ሁሉም አስቸኳይ ነው! ያልመጣ ደብዳቤ ቁጥር አይፈልግም።»

«ማጣሪያ ማን አሳየሽ?»

አሁን ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ ቀልቷል።

«አንተ ነሃ! የፍራሽ ማስታወቂያ ሲያማርረኝ ጊዜ። ‹ካካ፣ የላኪውን ስም እዚህ ጻፊ፣ ይቺን ተጫኚ፣ ሁለተኛ አታይውም› ብለኸኝ።»

ራይቾ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«አምስት ሰው ሞቷል፣ ካካ።»

«እኔ ነኝ ውሃውን የለቀቅኩት? ግድቡን እኔ ነኝ የሠራሁት?» ድምፏ ተሰበረ። «በበዓሉ ዋዜማ ሁላችንም ስድስት ሰዓት ላይ ወጥተናል። ደብዳቤው ቢደርስ ማን ያየው ነበር?»

«አንቺ። ቤትሽ ሆነሽ ስልክሽ ላይ ታያለሽ። ሁልጊዜ ታያለሽ።»

የያዘችውን ችግኝ አስቀመጠች። ከዚያ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። እጇ አፈር ይሸት ነበር።

«ክራሲን ይታሰር» አለች በሹክሹክታ። «ሌባ ነው። ግድቡን ተጠገነ ብሎ የፈረመው እሱ ነው። ማንም አያዝንለትም። አንተ ዝም ካልክ ማንም አያውቅም። ራይቾ፣ ልጄ።»

ራይቾ ተነሳ። እሺም እንቢም ሳይላት ከግቢው ወጣ።

ማዘጋጃ ቤት ሲደርስ ኢንስፔክተሯ ኮምፒውተሩን የሚወስደውን መኪና እየጠበቀች ነበር። ፊቱን አይታ በሩን ዘጋችው።

ነገራት። ቀለሙን፣ ፕሪንተሩን፣ ጓሮውን፣ ሁሉንም። እየተናገረ የሚሰማው ድምፅ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስለው ነበር።

«ባይነግሩኝ ኖሮ አልደርስበትም ነበር» አለች ሲጨርስ።

«አውቃለሁ።»

ከመሳቢያዋ አንድ ወረቀት አወጣች። «ጌንቾ የሚጠቀምበት የኢሜይል ኩባንያ ዛሬ ጠዋት ላከልኝ። ከላከው ሳጥን ውስጥ የተገኘ ቅጂ ነው። ሊያነቡት ይገባል።»

አነበበው።

«ለመዝገብ ቤት። አስቸኳይ ነው። በግድቡ ግራ ጎን ከሥር ውሃ እየወጣ ነው። ጠዋት ንጹሕ ነበር፤ አሁን ደፍርሷል። ደፈረሰ ማለት ውስጡን አፈር እየበላ ነው። ስልክ ደወልኩ፣ የሚያነሳ የለም። እባካችሁ የታችኛውን መንገድ ሰው እስከ ማታ አስወጡ። እኔ መልቀቂያውን እከፍታለሁ፤ መዘውሩ ዝጎ ስለተያዘ ጊዜ ይፈጃል። ለበዓሉ እንኳን አደረሳችሁ። ጌንቾ።»

«ስምንት ሰዓት» አለች ኢንስፔክተሯ መስኮቱን እያየች። «ከደብዳቤው እስከ ጎርፉ ስምንት ሰዓት ነበረ። ታችኛው መንገድን ባዶ ለማድረግ አንድ ሰዓት ይበቃል።»

ስቶይና ሊወስዷት ሲመጡ አልካደችም። እጇን ታጥባ፣ ንጹሕ ሹራብ ለብሳ፣ በሩን ሁለት ጊዜ ቆልፋ ወጣች።

*

ክራሲን ተፈታ። የሥራ ሰዓቱ የሐሰት ፊርማ በመቀጫ አለፈ፤ የግድቡን በሄደው መሐንዲስ አሳበበ። ከንቲባው «የአንዲት ሠራተኛ የግል ጥፋት» አለና ወንበሩ ላይ ቀረ። የመሐንዲሱ ቦታ እስከ ዛሬ ክፍት ነው።

ከተማው ራይቾን ሁለት ጊዜ ጠላው። ግማሹ የገዳይ ወንድም አለው። ግማሹ ደግሞ ያሳደገችውን እህቱን የሸጠ።

ዶብሪና አንድ ከሰዓት ቤቱ መጣች። አልገባም ብላ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። አባቴ ያገኘውን መልስ የጻፍከው አንተ ነህ አሉኝ።»

«ማሽኑ ነው የላከው። ቃሉን የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ።»

«እሱ ማሽን መሆኑን አያውቅም ነበር» አለች። «ያን ቀን ስልክ ላይ እየሳቀ ነበር። ‹ሁልጊዜ ይመልሱልኛል፣ ደጋግ ሰዎች ናቸው፣ አልሰለቹኝም› ነው የሚለኝ። በበዓሉ አይብ ሊወስድላችሁ አስቦ ነበር። ለማን እንደሚሰጠው ስላላወቀ ለሁላችሁም ብሎ ትልቁን ገዛ።»

ራይቾ ይቅርታ ማለት ፈለገ፤ ቃሉ አፉ ውስጥ አፈር ሆነበት። እሷም አልጠበቀችም። ሄደች።

በመኸር ፍርድ ቤቱ ለስቶይና አራት ዓመት ፈረደ። ራይቾ በወሩ መጨረሻ ሊጠይቃት ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ ሄደ። በጠረጴዛ ተለያይተው ተቀመጡ። ጠቁራለች፤ ጸጉሯን አሳጥረዋታል። ስለ ሹራብ፣ ስለ ጥርሷ፣ ስለ በርበሬዋ አወሩ። በርበሬውን ማንም ስላልለቀመው ደርቆ ቀርቷል፤ ይህን ግን አልነገራትም።

የመጠየቂያው ሰዓት ሊያልቅ ሲል እጇን ዘርግታ እጁን ያዘችው።

«እኔ ብሆን ኖሮ» አለች፣ በቁጣ ሳይሆን እንዲሁ ለማሳወቅ ያህል፣ «አንተ አድርገኸው ቢሆን፣ እኔ አልናገርብህም ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ካካ» አላት።

ጠባቂዋ መጥታ አስነሳቻት።